ለቀብሩ ቀን እናዋጣለን፤ ለማግስቱስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ኅዳር 12 ሊደርስ ነው። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም አዲስ አበባ በዚያ ቀን ጥራጊዋን ሰብስባ ማጠኗን አልተወችም። በአንዳንድ አጥቢያ ጽዳቱ ከደጃፍ አልፎ እስከ መቃብሩ ይዘልቃል። ሣሩ ይታጨዳል፤ የደረቀው የአበባ ጉንጉን በሐውልቶቹ መካከል ተከምሮ ይለኮሳል፤ የጠቆረው እብነ በረድ በሽቦ ቡሩሽና በበረኪና ይፈተጋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ጠዋት የጠቆረ ድንጋይ ከሰዓት ነጥቶ ሲታይም ደስ ይላል። ጉዳቱ የሚታየው ክረምት መጥቶ ሲሄድ ነው።

ወደ በረኪናው እንመለሳለን። መቅደም ያለበት ግን የገንዘቡ ነገር ነው። የመቃብር ቦታ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ከማርጀቱ በፊት ከፋዩ ሲያልቅ ነው። ይህን አጉልቶ የሚያሳየው የጥቁር አሜሪካውያን መቃብሮች ታሪክ ነው፤ ታሪኩ የባዕድ አይመስልም፣ ብዙዎቹን መቃብሮች ያቆመው እድር ነውና።

እድር በዚያ አገር ሌላ ስም አለው እንጂ ሥራው ያው ነው። በዘር መለያየት ዘመን ጥቁሮች ከነጮች ጋር አይቀበሩም ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸውም መሬት ተዳፋት ወይም ውሃ የሚተኛበት ነበር። ስለዚህ በየሰፈሩ ማኅበር አቋቋሙ። በየጊዜው ሳንቲም ያዋጣሉ፣ የታመመውን ያስታምማሉ፣ ለሞተው ሣጥን ገዝተው ይቀብራሉ። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1867 (የአሜሪካው ታሪክ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በባልቲሞር የተመሠረተው የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ነው። ወይዘሮ ማጊ ሊና ዎከር በ1899 መሪነቱን ተረከቡ፤ በ1903 ደግሞ በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ከማኅበርተኛው ሳንቲም ባንክ አቋቋሙ። በአሜሪካ ባንክ አቋቁመው በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሳቸው ናቸው። በ1934 ሲያርፉ ኤቨርግሪን በሚባለው መካነ መቃብር ተቀበሩ።

ኤቨርግሪን በ1891፣ አጎራባቹ ኢስት ኤንድ በ1897 የተከፈቱ ናቸው። ሁለቱም ለዘለቄታ እንክብካቤ የሚሆን ተቀማጭ ገንዘብ አልነበራቸውም። ቦታ እየተሸጠ እስካለ ድረስ ሣር አጫጁም ጥበቃውም ይከፈለዋል። ቦታው ሲሞላ ገቢው ይቆማል፤ ወጪው ግን አይቆምም። በዚያ ላይ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከተሞች ተሰደዱ፤ ማኅበራቱም አንድ በአንድ ከሰሙ። ከቀብር መዋጮ ባንክ ያወጡት ሴት ያረፉበት ኮረብታ በሐረግና በዛፍ ተውጦ ጫካ ሆነ። «ሪችመንድ ፕላኔት» የተባለውን የጥቁሮች ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት ጆን ሚቸል ጁኒየርም እዚያው ናቸው፤ የሙያ ባልደረባችሁ ስለሆኑ ነው የጠቀስናቸው።

ቨርጂኒያ ለአሥርት ዓመታት በእርስ በርስ ጦርነቱ በደቡብ በኩል ተሰልፈው ለሞቱ ወታደሮች መቃብር ጥበቃ ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ ስትሰጥ ቆይታለች። ለጥቁሮቹ መቃብሮች ተመሳሳይ ሕግ የወጣው በ2017 ነው። ሲወጣ አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ከ1800 እስከ 1900 ባለው ጊዜ ውስጥ በሕይወት የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ያረፈበት እያንዳንዱ መቃብር ተቆጥሮ በ5 ዶላር ይባዛ ነበር፤ ቦታውን የሚንከባከበው ድርጅት በዓመት ያንን ያገኝ ነበር። መጀመሪያ ኤቨርግሪንንና ኢስት ኤንድን ነበር የሚመለከተው፤ በማግስቱ ዓመት ለሌሎችም ተከፈተ።

አምስት ዶላር ትንሽ ነው። ትምህርቱ ያለው «ተቆጥሮ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ያልተቆጠረ መቃብር አይከፈልበትም። ለመቁጠር ደግሞ ስም፣ የሞተበት ዓመትና ቦታ ያስፈልጋል፤ ስሙ የተጻፈው በጫካው ውስጥ በተኛ ድንጋይ ላይ ወይም በጠፋ መዝገብ ውስጥ ከሆነ በሕግ የተፈቀደ ብር ሳይነካ ይቀራል። ገንዘብ ሲገኝ እንመዘግባለን የሚል ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

በፌዴራል ደረጃ የጥቁር አሜሪካውያን መቃብሮች ጥበቃ ሕግ በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) ከጠቅላላው የበጀት ሕግ ጋር አብሮ ጸደቀ። በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በኩል ለመለየት፣ ለማጥናትና ለመጠገን በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። «ይፈቅዳል» ማለት ግን ተመደበ ማለት አይደለም፤ ምክር ቤቱ በየዓመቱ በበጀቱ ውስጥ ካላስገባው ወረቀት ላይ ይቀራል። ለአገር ሙሉ 3 ሚሊዮን ዶላር ምን ያህል እንደሚራመድ ደግሞ አንባቢ ይፍረድ። ሌላም የሚያስተምር ነገር አለ፤ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ምልክት ለሌለው ወታደር መቃብር ድንጋዩን በነፃ ይሰጣል፣ በግል መቃብር ውስጥ ማቆሙ ግን የጠያቂው ወጪ ነው። ስጦታ ሲመጣ የማቆሚያውን ዋጋ አብሮ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

የኤቨርግሪን ታሪክ እዚያ አላበቃም። በ2017 ቦታውን ገዝቶ የተረከበው በጎ አድራጎት ድርጅት በ2022 ፈረሰ፤ መቃብሩም እንደገና ባለቤት ፍለጋ ጀመረ። ድርጅቱ ሌሎች ብዙ ሥራዎችም ነበሩት። ከዚህ የምንወስደው የመቃብር ገንዘብ ከሌላ ሥራ ሒሳብ ጋር በአንድ ቋት መቀመጥ እንደሌለበት ነው። የራሱ ሒሳብ ቁጥር፣ የራሱ ፈራሚዎች ያስፈልጉታል፤ ጠባቂው ድርጅት ቢፈርስ ገንዘቡም መዝገቡም ለማን እንደሚተላለፍ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ከመሬት በታች ስላለው ደግሞ ሁለት ነገር እንበል፤ በፒያሳና በአራት ኪሎ መሬት መቆፈር አሁን የየቀን ሥራ ሆኗልና።

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በታችኛው ማንሃታን፣ በ1991 የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ ለማቆም ሲቆፈር የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዘመን የአፍሪካውያን መቃብር ተገኘ። ቦታው በድሮ ካርታ ላይ ነበር። የታሰበው ግን በኋላ ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎች መሠረት አጥንቱን ሁሉ አጥፍቶታል ተብሎ ነው። ለካ ከላይ የተደለደለው ጥልቅ ሙሌት አፈር ጠብቆት ኖሯል። የ419 ሰዎች አጽም ከወጣ በኋላ በሕዝብ ቁጣ ቁፋሮው ቆመ፤ አጽሙ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተጠንቶ በ2003 ተመልሶ ተቀበረ፤ ቦታው በ2006 ብሔራዊ ሐውልት ተባለ። አብዛኞቹ ራሳቸው ወደ ምዕራብ ሆኖ ነበር የተቀበሩት፤ ሲነሡ ምሥራቅን እንዲያዩ ማለት ነው። የእኛ ካህናት የሚያስተኙትም እንዲሁ ነው።

በፍሎሪዳዋ ታምፓ ደግሞ በ1901 የተቋቋመው የጽዮን መቃብር ከመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሥር የተገኘው በ2019 ነው። መጥፋቱን ያጋለጠው ጋዜጣ ነው፤ የድሮ ሰነድ ገልጦ ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር መጥቶ ሣጥኖቹን አሳየ። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። ራዳሩ በፍሎሪዳ በደንብ የሠራው አፈሩ አሸዋ ስለሆነ ነው። ሸክላ የበዛበት እርጥብ አፈር ሞገዱን ይውጠዋል፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወርደው ዋልካ ላይ፣ በተለይ ክረምት እንደወጣ፣ ራዳር «ምንም የለም» ቢል ምንም የለም ማለት አይደለም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ከመከራየቱ በፊት አፈሩ ይታይ። በቁፋሮ አጽም ወይም የመቃብር ድንጋይ ሲወጣ መደረግ ያለበትን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይናገራል፤ ሥራው ይቆማል፣ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ይነገራል። ኤክስካቫተሩን የሚነዳው ሰው ግን አዋጁን የሚሰማው ከማን ነው? የመቃብሩ ወሰን በይዞታ ካርታው ላይ በመስመር ካልተሰመረ አለቃውም አያውቀውም። ወሰኑን ማስመዝገብ ብዙ ወጪ የለውም፤ ደጅ መጥናት ነው የሚጠይቀው።

ወደ ኅዳር 12 እንመለስ። ከማጭዱ በፊት ደብተር ይቅደም።

የጥቁር አሜሪካውያን መቃብሮች ሲጸዱ ዋናው ጥፋት የሚደርሰው ለማጽዳት በመጣው ሰው ነው። ድሆች ስለነበሩ ብዙዎቹ የተቀረጸ ድንጋይ የላቸውም። ምልክታቸው ያልተጠረበ ድንጋይ፣ የእንጨት ሰሌዳ፣ ሆን ተብሎ የተተከለ ዩካ የሚባል ቅጠለ ሹል ተክል ወይም ቪንካ የሚባል ሐረግ ነው። በመቃብሩ ላይ ሟቹ የተጠቀመበት ስኒ፣ ሳህን፣ ጠርሙስ፣ የቆመ ሰዓት፣ የባሕር ዛጎል ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ተሰብሮ። ልማዱን የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ በጆንያ ሞልቶ ይጥለዋል። በዚያው ቅጽበት መቃብሩ ምልክቱን ያጣል። በምሥራቅና በምዕራብ የተዘረጋ የሰው ቁመት ያህል ጉድጓድ መሬት ላይ ካለ እሱም ምልክት ነው፤ ከሥሩ ሣጥኑ በስብሶ አፈሩ የወረደበት ነው። ፍርስራሽ ሞልቶ መደልደል ማለት መቃብሩን መሰረዝ ነው።

በእኛም ግቢ እንዲሁ ነው። ሀብታሙ እብነ በረድና ፎቶ አለው፤ ለድሃው ራስጌና ግርጌ የቆሙ ሁለት ድንጋዮች፣ የዛገ የብረት መስቀል፣ ቀለሙ የለቀቀ ጣውላ ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ የሚጠረጉት እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ አመዘጋገቡ እንዲህ ይሁን። ከግቢው ቅጥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ የማይነቃነቅ ማዕዘን ይመረጥና ከዚያ ሲባጎ ይወጠራል። በየ5 ሜትሩ ችካል ይተከላል፤ ግን ችካሉ በመተላለፊያ ላይ እንጂ በመቃብር ላይ አይደለም። እያንዳንዱ መቃብር ከሲባጎው ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ በካሬ ወረቀት ላይ ይሣላል። በስልክ ጂፒኤስ ብቻ የሚተማመኑ አሉ፤ ስልክ እስከ 5 ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ በ5 ሜትር ውስጥ ሦስት አራት መቃብር ስለሚኖር ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይዘበራረቃል። ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ፊትና ጀርባ ፎቶ፣ ጽሑፉ እንደተጻፈው፣ ስህተቱም ሳይታረም። «ገ/» ተብሎ ከተጻፈ «ገብረ» ተብሎ አይሟላ። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ካልታወቀ እንዳለ ይቀመጥ። የአጥቢያው የቀብር መዝገብ ካለ ገጹ በስልክ ይነሣ፤ ቀለሙ የደበዘዘ መዝገብ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ተገልብጦ ሲጫን ጥራዙ ይሰነጠቃል።

ፊደሉ የማይነበብ ከሆነ ጠመኔ፣ ዱቄት፣ የመላጫ አረፋ አይቀባበትም። ጠመኔው በቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፤ አረፋው ድንጋዩን የሚበላ አሲድ አለው። አንድ ሰው መስታወት ይያዝና ፀሐይዋን ከጎን በኩል በድንጋዩ ፊት ላይ ያንሸራትት። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ያለው ብርሃን ከቀትር ይሻላል።

አሁን ማጠቡ። ድንጋዩ በጣት አጥንት ቀስ ተደርጎ ይንኳኳ፤ እንደ ባዶ ጋን ካስተጋባ ውስጡ ተላቋል፣ አይነካም። እብነ በረዱ ሲዳሰስ እንደ ስኳር ከረገፈም አይነካም። ጤነኛ ከሆነ ንጹሕ ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ለአንድ መካከለኛ ሐውልት 2 ጀሪካን ማዘጋጀት ነው። ቡሩሹ የላስቲክ ወይም የጭራ፣ ክንድ ላይ ቢፈተግ የማያሳምም መሆን አለበት። ከታች ወደ ላይ ይታጠባል፤ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው በደረቁ ድንጋይ ላይ እየወረደ መስመር ይሠራና አይለቅም። በድንጋዩ ላይ የበቀለው ሽበት ካልለቀቀ በእንጨት ስንጥር ተፍቆ ይታያል፤ እምቢ ካለ ይተዋል። የድንጋይ ሽበት በዓመት የሚያደርሰው ጉዳት የሽቦ ቡሩሽ በአምስት ደቂቃ ከሚያደርሰው ያነሰ ነው። በየዓመቱም አይታጠብም።

በረኪና ለምን አይሆንም? ድንጋዩን ያነጣዋል፣ ግን ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፣ ሲደርቅ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ያብጣል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ የላይኛው ቆዳ እየተቀረፈ ፊደሉን ይዞት ይወርዳል። ኦሞም ሌላውም የልብስ ሳሙና ያው ነው። አሲድ ከሆነማ እብነ በረዱን በዓይን እያዩት ያፈላዋል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋል። በመቃብሩ መካከል የሚለኮሰው እሳትም እብነ በረዱን ሲያግለው የውስጡ ቅንጣቶች እኩል ስለማይለጠጡ ይላቀቃሉ፤ ያ ነው በኋላ እንደ ስኳር የሚረግፈው። ጥራጊው ከመቃብሩ ወጥቶ ይታጠን። የደበዘዘ ፊደል ላይ የዘይት ቀለም መቀባትም ብዙ ቦታ ይታያል፤ ቀለሙ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፣ ሲላጥ የፊደሉን ጠርዝ ይዞ ነው የሚላጠው።

የወደቀ ወይም የዘመመ ሐውልት በዘመቻ አይነሣም። 1 ሜትር ከፍታ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ ወደ 160 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ጎረምሶች ያነሡታል፤ የሚያመልጣቸው ሲያስቀምጡት ነው። የዘመመበትም ምክንያት አለው። በዋልካ ላይ ከሆነ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አፈሩን ሳይቀይሩ ድንጋዩን ቀጥ ማድረግ ለአንድ ዓመት ነው። ዙሪያው ተቆፍሮ በየረድፉ በተጠቀጠቀ ጠጠር ይተካል፤ መቆሚያ መሠረት የሌለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሆነ ከቁመቱ ሲሶው መሬት ውስጥ ይገባል፤ በውሃ ልክና በቱምቢ ይስተካከላል። በቁፋሮው ቦታ አጥንት ከታየ ሥራው ይቁምና ካህኑ ይጠራል።

ሲሚንቶ የሚወደው ሰው ብዙ ነው። ሲሚንቶ ከእብነ በረዱ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ንቅናቄ ሲመጣም የሚሰበረው ድንጋዩ ነው። ለድሮ ሐውልት መጋጠሚያ ኖራ ነው መድኃኒቱ፤ 1 እጅ በውሃ ተሟሟቶ ሳምንታት የቆየ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ። ከተለሰነ በኋላ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ በበጋ ፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል። በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለው የድሮ የብረት ካስማ ዝጎ ከሆነ ድንጋዩን የሰነጠቀው እሱ ነው፤ ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይወስዳልና። በማይዝግ ብረት ይተካል። ይህ ሁሉ የቅርስ ዋጋ ባለው መቃብር ላይ ሲሠራ በአዋጁ መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱን ለመጠየቅ ፎቶውና ሥዕሉ የተዘጋጀ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ባሕር ዛፍ ከመቃብር መሐል ሲበቅል በሥሩ አይነቀልም፤ ሥሩ አጥንትና ድንጋይ ታቅፎ ነው የሚወጣው። ከመሬት እኩል ይቆረጥ፣ ሲያቆጠቁጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመልመል፤ ሲሰለች ይደርቃል። ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ይህም የሚመለሰን ሰው ስለሚጠይቅ እንደገና ወደ ገንዘቡ ይወስደናል።

የእድር መተዳደሪያ ደንቦችን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ብር ሁሉ ተዘርዝሯል፤ ከቀብር በኋላ ስላለው መቃብር አንድ አንቀጽ ማግኘት ግን ይቸግራል። እንበልና 300 አባላት ያሉት እድር በወር 10 ብር ለመቃብር ብቻ ቢጨምር በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ግማሹ ለሣር አጨዳና ለውሃ መውረጃ ቦይ ጠረጋ፣ ግማሹ ደግሞ ክረምት ከወጣ በኋላ ለሚታየው ጥገና ይያዝ። ቦዩን አቅልሎ የሚያይ ሰው ይኖራል፤ የወደቁ ሐውልቶች የሚበዙት ከላይ የሚወርድ ጎርፍ መውጫ ባጣበት ጥግ ነው።

የአሜሪካውያኑን የዘላቂ እንክብካቤ ገንዘብ እንዳለ መቅዳት ግን አያዋጣም። የነሱ አሠራር ከቦታው ሽያጭ የተወሰነ ድርሻ ይቀመጣል፣ ዋናው አይነካም፣ ወለዱ ብቻ ይወጣል የሚል ነው። የእኛ ባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ የዋጋ ንረት ደግሞ ከ30 በመቶ ያለፈበትን ጊዜ አይተናል። በዚያ ዓይነት ዓመት 100,000 ብር ወለዱ ሳይነካ 107,000 ቢሆን እንኳ የሚገዛው የዓምና 82,000 ብር ያህል ብቻ ነው። ወለዱን እያወጡማ ዋናው በጥቂት ዓመት ይሟሟል። በዚህ ከተማ ከዋጋው ጋር አብሮ የሚያድገው ኪራይ ነው። በመሐል አዲስ አበባ ያሉ ብዙ አድባራት በቅጥራቸው ዙሪያ የሚያከራዩት ሱቅ አላቸው፤ ሰበካ ጉባኤው ከሱቆቹ የአንዱን ብቻ ኪራይ በቃለ ጉባኤ ለመቃብሩ ቢመድብ፣ በተለየ ሒሳብና በሦስት ፈራሚ ቢቀመጥ፣ ከተቀማጩ ይሻላል። ሌላው መግቢያ አዲስ ሐውልት ሲፈቀድ ነው። ቤተሰብ ለመክፈል ፈቃደኛ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ከሙት ዓመቱ በኋላ ጠያቂው ይሳሳል። በዚያው ፈቃድ ላይ በኮንክሪት ሣጥን ላይ ሴራሚክ መለጠፍን ማስቀረት ይቻላል፤ በመጋጠሚያው ውሃ ይገባል፣ ሴራሚኩ ይረግፋል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ ከዚያ በኋላ ጠጋኝም አያድነውም።

እድርም ሱቅም የማይደርሳቸው አሉ። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በ1935 (እ.ኤ.አ.) ከቺካጎ መጥተው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመሩ፣ በ1944 (እ.ኤ.አ.) ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ያሠለጠኑ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1954) በአዲስ አበባ አረፉ፤ መቃብራቸው ጉለሌ ነው።  እዚህ ደግሞ ለቀስተኛ እድር የላቸውም። እንዲህ ያሉ መቃብሮች በጉለሌም በቅድስት ሥላሴም ስላሉ፣ የከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ በዓመታዊ በጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር እንዲይዝላቸው እንጠይቃለን፤ የገንዘቡ መጠን ከመቃብሩ ቁጥር እንዲነሣ፣ ቁጥሩም በየዓመቱ በይፋ እንዲወጣ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። በታምፓ መቃብሩን ያገኘው ጋዜጣ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከሐዘን ማስታወቂያው አጠገብ በትንሽ ቦታ፣ በየአጥቢያው ከድንጋይ ላይ የተገለበጡ ስሞችን ከነቁጥራቸው ብታትሙ ወራሽ ያለው ወራሹ ይመጣል። ኅዳር 12 ለጽዳት የሚወጡ ወጣቶች ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ይጻፉት፤ አንዱ በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፣ ሁለተኛውን ወደ እናንተ ይላኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድንጋይና የሐውልት ጥገና ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ